የማን ደቀ መዝሙር ነህ?

መስከረም ሲጠባ የባሕር ዳር የመብራት ምሰሶዎችና አጥሮች በወረቀት ይሸፈናሉ። አንዱ «ምዝገባ ጀምረናል» ይላል። ሌላው «ሙሉ ዕውቅና ያለን» ይላል፤ «ዕውቅና» የምትለዋ ቃል ከኮሌጁ ስም በላይ ደምቃ ተጽፋ። ከፔዳ ግቢ ተነስቶ እስከ ፖሊ ግቢ በእግሩ የሄደ ሰው ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ይቁጠር። እኛ አንድ ቀን ስንቆጥር ሠላሳ ላይ ስንደርስ ሰለቸንና ተውነው።

ቃሏ ግን ያን ያህል ያረጀች አይደለችም። በአገራችን ኮሌጆችን እየመረመረ «ይህ ያስተምር፣ ያኛው አያስተምር» የሚል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. እንደ አዲስ ተደራጅቶ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተባለ። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከዚህ መሥሪያ ቤት እምብዛም አንበልጥም፣ አናንስም፤ እኩዮች ነን ለማለት ይቻላል።

ታዲያ ከዚህችው ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሐይቁ ዳርና በጎጃም ደጋ ላይ፣ ከዚህ ሁሉ ወረቀት በፊት የነበረ ዛሬም ያለ ሌላ ኮሌጅ አለ። ክፍያ የለውም። ከመንግሥት ያገኘው ዕውቅናም የለም። ማስታወቂያ ለጥፎ አያውቅም፤ ሆኖም አመልካች አጥቶ አያውቅም። የምንናገረው ስለ ቅኔ ቤት ነው። «ኮሌጅ» ስንል የምንቀልድ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ደረጃ አለው። ልጅ መጀመሪያ ንባብ ቤት ገብቶ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ቀጥሎ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት አለ፤ በዚህኛው ብሉዩ፣ ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ በትርጓሜ ይማሩበታል። አራቱንም የዘለቀ ሰው «አራት ዓይና» ይባላል። ከፊደል ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሃያ ዓመትም ሠላሳ ዓመትም ይፈጃል። ደግሞ ሁሉም ትምህርት በአንድ ቦታ አይገኝም። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋምና ትርጓሜ ጎንደር ነው። ቅኔ ግን፣ ዋድላም ቢኖር፣ ጎጃም ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ብለን ብንቆጥር እንኳ የታወቁትን ብቻ ነው የምንጠራው። ዛሬ ፋኩልቲ የምንለውን ነገር አባቶቻችን በአገር ስፋት ዘርግተውት ነበር፤ ከፋኩልቲ ወደ ፋኩልቲ ለመሻገር ደግሞ ዓባይን በእግር መሻገር ነበረበት ተማሪው።

ማመልከቻው እንዴት ነበር? መጀመሪያ ከቤት መጥፋት አለ። አባት ልጁ ከብት እንዲጠብቅለት፣ ጠንከር ሲል ደግሞ ሞፈር እንዲጨብጥለት ይፈልጋል፤ ዲቁና ከተቀበለማ በቂው ነው ይላል። ልጁ ግን እገሌ የሚባሉ መምህር እዚህ ቦታ ጉባኤ ዘርግተዋል የሚል ወሬ ሰምቷል። አንድ ሌሊት ከጓደኛው ጋር ይነሳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ በትከሻው አንግቶ፣ በትር ይዞ። በትሩ ለውሻ ነው። ይህን የምንለው ለማሳመር አይደለም፤ በቆሎ ተማሪ ሕይወት ውሻ ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ የተነከሰበትን ጠባሳ የማያሳይ የቀድሞ ተማሪ እስካሁን አልገጠመንም።

ለምን ሩቅ ይሄዳል? በአገሩስ መምህር የለም? ሊኖር ይችላል። ግን በአገሩ ቢማር እናቱ ትመጣለች፤ አዝመራ ሲደርስ አባቱ ይጠራዋል። ከዚያም በላይ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መለመን በሚያውቁት ሰዎች ፊት እጅግ ያሳፍራል። በባዕድ አገር ግን ማንም የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቀውም። ብዙዎቹ የቤት ስማቸውን ትተው በክርስትና ስማቸው ወይም በአገራቸው ይጠሩ ነበር፦ ዳሞቴው፣ አቸፈሬው፣ በጌምድሬው እየተባሉ። የባለጸጋውም ልጅ፣ የጭሰኛውም ልጅ፣ አንድ ዓይነት ደበሎ ለብሶ በአንድ ዓይነት አኩፋዳ ይለምናል። ስለ እኩልነት ብዙ የጻፍን እኛ ይህን ነገር አይተን ማለፍ አልቻልንም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ ረሀብ ያመጣው እኩልነትም እኩልነት ነው እንዴ? የሚል ክርክር በክፍላችን ተነስቶ ሳያልቅ መብራት ጠፋብን።

ልጁ ደረሰ እንበል። የሚያንኳኳው በር የለም። መምህሩ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠዋል። እጅ ይነሳል።

«ከወዴት መጣህ?»

«ከእንዲህ ያለ አገር፣ የኔታ።»

«ምን ተምረሃል?»

ያለውን ይናገራል፤ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ ነበር፣ ወዘተ።

«የማን ደቀ መዝሙር ነህ?»

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚህ ሌላ የሚጠየቅ የለም። የልደት ቀን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የዋስ ደብዳቤ፣ የቀበሌ መታወቂያ የለም። «ምዝገባ አልፏል፣ ለከርሞ ተመለስ» የሚልም የለም። የመግቢያ ፈተናም አይሰጥም፤ ካለበት ይጀምራል። ማደሪያውን በሚመለከት ግን የሚሰጠው ነገር የለም። አንድ ቀደም ብሎ የመጣ ተማሪ እስኪደላደል ድረስ ጎጆውን ያካፍለዋል፤ ከዚያ እንጨትና ሣር ቆርጦ የራሱን ጎጆ ይቀልሳል። በማግስቱ አኩፋዳውን ይዞ ከነባሮቹ ጋር ወደ መንደር ይወጣል። ተመዘገበ ማለት ይህ ነው።

ትምህርቱ ራሱ ምን ይመስል ነበር ለሚል፣ ባጭሩ እንንገረው። ተማሪው ግስ ይገሳል፣ አገባብ ያጠናል። ከዚያ ከትንሿ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ቀጥሎ ዘአምላኪየ አለ፣ ሦስት ቤት። ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። መምህሩ አንድ ቅኔ ይነግራሉ፤ ሰሙን ከወርቁ ለይተው ያሳያሉ። ተማሪው ደግሞ ወደ ዱር ወይም ወደ ገደል አፋፍ ሄዶ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይፈጥራል። ይህ «ቆጠራ» ይባላል። ማታ ተመልሶ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይህም «ነገራ» ነው። ጀማሪዎቹን በመጀመሪያ የሚሰማው በዕድሜ ሳይሆን በትምህርት የቀደመው ተማሪ፣ አስነጋሪው ነው፤ ከእሱ አልፎ የኔታ ፊት ይቀርባል። ስሕተት ከተገኘ እዚያው ይታረማል፣ ይሰበራል፣ ይሳቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ መናገር አይቻልም። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መምጣትም አይቻልም፤ የጉባኤው ጆሮ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን የምናስታውስ ሰዎች ነን። በኋላ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በሙሉ ወደየዩኒቨርሲቲው ተጭነው በጥበቃ መካከል እንዲፈተኑ ተደረገ፤ በዚያው የመጀመሪያ ዙር፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ2014 ፈተና፣ ከ890 ሺህ በላይ ከተቀመጡት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቅኔ ቤት ውስጥ ኩረጃ የሚባለው በሽታ የመያዣ ቦታ የለውም። ተፈታኙ ስለ ጨዋነቱ አይደለም። ፈተናው ራሱ መልሱ ቀድሞ የማይታወቅ ነገር ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። «ነጻ» እንላለን፤ ግን ማን ነው የከፈለው? ሁለት ከፋዮች ነበሩ። አንደኛው መሬት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ከዚያ የሚገኘው ለካህናቱና ለመምህሩ ይደርሳል፤ ያን መሬት ያረሰው ደግሞ ገበሬው ነው። ሁለተኛው ከፋይ ያው ገበሬ እንደገና ነው፦ በየማታው ከሞሰቡ ቁራሽ እየቆረሰ፣ ከጎተራው እፍኝ ቆሎ እየዘገነ ተማሪውን ያበላው እሱ ነው። በዘጌ ነገሩ ይብሳል። ዘጌ ላይ በልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ አይፈቀድም፤ ቡናና ጌሾ፣ ፍራፍሬም ነው ያለው። እህሉ ከውጭ ተገዝቶ፣ ድሮ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ይገባ ነበር። ስለዚህ ከዘጌ ሴት እጅ አንድ ቁራሽ የተቀበለ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም የአዝዋ ማርያም ተማሪ፣ በቡና የተለወጠ፣ ሐይቅ የተሻገረ እህል ነው የበላው። ያ የማይጻፍ ወጪ ለምን ያህል ምዕት ዓመት እንደተከፈለ ማን አስልቶት ያውቃል!

አይገርምም ወይ? ይኸው ገበሬ የሚከፍለው ልጆቹን ከሚያስተምርበት ይልቅ የማያውቃቸውን የሰው ልጆች ለሚያስተምርበት ትምህርት ነው። እኛ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ እንደገቡት ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ስንመረቅ ምን ያህል እንዳለብን በቁጥር ይነገረናል። የቆሎ ተማሪው ዕዳ ግን በቁጥር የሚነገር አይደለም። ከፋዩንም አያውቀው።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንመለስ። «የማን ደቀ መዝሙር ነህ?» ዛሬ «ከየትኛው ኮሌጅ ተመረቅህ፣ ኮሌጁስ ዕውቅና አለው ወይ?» የምንለውን ያህል ነው። ወረቀት ባይኖርም ዕውቅና አልነበረም ማለት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ጥብቅ ነበር። ድጓውን ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር ተብሎ አይቆጠርም፤ ለዝማሬ መዋሥዕትም ዙር አምባ እንዲሁ ነው። ቅኔ የተማረም ሰው ጉባኤውን አስሰምቶ፣ መምህሩ «በቅተሃል፣ ሂድና አስተምር» ብለው መርቀው ሲያሰናብቱት ነው መምህር የሚሆነው። በሄደበትም አገር መምህሩ ማን እንደነበሩ፣ የእሳቸውም መምህር ማን እንደነበሩ ይጠየቃል። የመምህራን ሐረግ ነው ማኅተሙ። ማንም በሐሰት «የእገሌ ደቀ መዝሙር ነኝ» ቢል በመጀመሪያው በዓል፣ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ፣ ቅኔ አበርክት ሲባል ይታያል።

ይህ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በወሎ የሚማሩት ደረሶች እንዲሁ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞሩ፣ በሕዝቡ ምጽዋት እየኖሩ ነው የተማሩት፤ የሚቀበሉት ኢጃዛም ከመድረሳው ሳይሆን ከመምህሩ፣ በሐረግ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በአውሮፓም ቢሆን በቦሎኛ መጀመሪያ የተሰባሰቡት መምህር የፈለጉ ተማሪዎች ናቸው፤ የንጉሡና የጳጳሱ ማኅተም የመጣው ኋላ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው ያለ ክፍያ፣ ምግብና መኝታ ተችሎት ይማር ነበር፤ ኮሌጁ ቻርተር ያገኘው ግን በ1946 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች ቻርተር ያልነበረው ኮሌጅ ነው ያመለከቱት ማለት ነው። እነሱን ማንም «ዕውቅና የሌለው ቦታ ገባችሁ» ብሎ አልተሳለቀባቸውም። ለምን? ከበስተኋላቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩና።

የቅኔ ቤቱ ሰው ከመንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ተለዋዋጭ ነበር። አሮጌው መንግሥት ጸሐፊውን የሚያገኘው ከዚያው ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌላ በር ተከፈተ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኮንን ተጨመረ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም በር ለአንድ ሰው ክፍት ነበረ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ወጥቶ መምህርና የቴአትር ደራሲ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚያው ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ቅኔ ቤቶች ወጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኑ። ከሐይቁ ወዲህ ማዶ፣ ከአቸፈር የተነሳው አቤ ጉበኛም መነሻው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. ሲያሳትም የታገደበትን መጽሐፍ የጻፈው በዚያ በተሳለ ብዕር ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላም አዲስ ለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ የተፈለጉት ብዙዎቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ነበሩ፤ ሌላ ሰውም አልነበረ።

ኋላ ግን ሌላ ሰው ተገኘ። የመምህራን ማሠልጠኛው ምሩቅ ሲበዛ፣ መሥሪያ ቤቱም የቅጥር ደንብ ሲያወጣ፣ «የማን ደቀ መዝሙር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቀረና «ወረቀትህን አምጣ» የሚለው መጣ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። በ1965 ዓ.ም. ገደማም የመምህራን አሠልጣኞችን የሚያወጣው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። መልካም ነው፤ ያስተማሩን እነሱ ናቸው፣ አናማቸውም። ግን ከግቢያቸው አጥር ጥቂት ራቅ ብሎ የባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደብር አለ፣ በሐይቁም ላይ ከክብራን ገብርኤል እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት ተከማችተዋል፤ እነዚያን የሚያነቡ ሰዎች በኛ መዝገብ ቤት ሚዛን «ያልተማሩ» ተብለው ነው የሚጻፉት።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ነገር ከማንም ቀድመው አይተውት ነበር ብንል የተጋነነ አይሆንም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ዋናው ሰው በዛብህ የዲማ ቅኔ ቤት ፍሬ ነው። ዕውቀቱ የፊታውራሪውን ደጅ አስገብቶታል፤ የፊታውራሪውን ልጅ ያስተምራል። ማዕዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጉባኤው የሰጠው ዕውቅና ትውልድ በሚቆጥረው ሥርዓት ፊት ዋጋ አጣ። ስለዚህ ወረቀት ጠያቂው ቢሮ መጥቶ ነው ቅኔውን ያዋረደው ብንል ግማሹን ብቻ መናገራችን ነው፤ ከቢሮው በፊት የደም ቆጣሪው ነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑም መሬት አብሮ ሄደ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ይህን ማንም ተማሪ የሚጸጸትበት አይመስለንም፣ ለዚያ ነገር ሲጮኹ የኖሩት ተማሪዎች ናቸውና። ግን የመጀመሪያው ከፋይ በአንድ ቀን ቀረ። መምህሩ የሚኖሩበት አጡ፤ አንዳንዱ ጉባኤ ተፈታ። ሌላው የቆመው በሁለተኛው ከፋይ፣ በእፍኝ ቆሎ ብቻ ነው። ኋላ እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ማድረግ ጀመሩ፤ አሁንም ግን ብዙው ሸክም በመንደሩ ላይ ነው።

በዚህ ብቻ ካቆምን ግን ውዳሴ ጻፍን እንጂ ታሪክ አልጻፍንም። ቅኔ ቤቱ ብዙ ሰው በልቷል። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ተስቦ፣ እከክ፣ ወባ ሲገባ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል፤ በባዕድ አገር በሐሰት ስም የሞተ ልጅ እናቱ መሞቱን ሳትሰማ ትቀራለች። ግርፋትም ነበረ። መምህሩ «አልበቃህም» ካሉ ይግባኝ የሚባልበት የለም። ሴት ልጅማ ከነጭራሹ አትታሰብም። አንድ ስም ብቻ ይህን ልማድ ሰብሮ ቆሟል፦ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ፤ ዓይናቸው በልጅነታቸው ቢጠፋም ከአባታቸው ጉባኤ ቅኔውን ተምረው፣ በጎጃም ጽላሎ ወንዶቹን ተማሪዎች አስተማሩ። ለእሳቸው የተከፈተው በር በወላጅ በኩል ስለሆነ ነው፤ ከሩቅ አገር ጠፍታ መጥታ እጅ የምትነሳ ልጃገረድ ብትኖር ምን ትባል እንደነበር ማንም ይገምታል። ወረቀት ጠያቂው ትምህርት ቤት፣ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ ከመካከላችን ግማሾቻችንን በር ከፍቶ ያስገባን እሱ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፉት የክበባችን እኅቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ልንቀይረው አልደፈርንም።

ስለ ሌላ ጓደኛችን ደግሞ እንናገር፤ ፈቅዶልናል፣ ስሙን ግን አልፈቀደም። ከክበባችን አባላት አንዱ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ አምስት ዓመት በቅኔ ቤት ኖረ፤ መወድስ ደርሷል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከተማ ገብቶ ሥራ ሲፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሰጠው። «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሣጥን ነበረበት። ምን ልጻፍ ብሎ ጸሐፊዋን ጠየቃት። እሷም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አዝናለት «ምንም በልና እለፍ» አለችው። «ምንም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጥበቃ እየሠራ፣ ማታ ማታ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ሁሉ እንደ አዲስ ቆጥሮ ነው እዚህ የደረሰው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሼ እንለዋለን፣ ይቆጣል።

የወጪ መጋራቱን ውል የፈረምን ዕለት ሁላችንም ስናጉረመርም እሱ ዝም ብሎ ፈረመ። ኋላ መኝታ ክፍል ስንደርስ፣ «ይሄኛውስ ለማን እንደምከፍለው ይታወቃል» አለ። «በዚያ አምስት ዓመት ያበሉኝን ቤቶች ግን በጨለማ ነው የምሄድባቸው፤ ደጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቀውም።»

ባለፈው ጥር ሦስታችን ከእሱ ጋር በጀልባ ተሳፍረን በሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ጉባኤ ሄድን። መምህሩ የእሱ መምህር አይደሉም፤ ግን የመምህሩ ጓደኛ ናቸው፤ «የማን ደቀ መዝሙር ነህ?» ሲሉት መለሰ፤ ስሙን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነስተው ሳሙት። እኛን «እናንተስ?» አሉን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን ተናገርን። «መምህራችሁ ማን ይባላሉ?» አሉ። ሦስታችንም ተያየን። በአንድ ሴሚስተር ስንት መምህር እንደሚቀያየርብን እንዴት እናስረዳቸው? የዩኒቨርሲቲውን ስም ተናገርን። «እሱ ቦታው ነው» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

ይህን ስንጨዋወት አንድ ልጅ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ደበሎ አልነበረውም፤ ጥቁር የስፖርት ጃኬት ለብሶ የጎማ ጫማ ተጫምቷል። ትከሻው ላይ ፌስታል። እጅ ነሳ።

«ከወዴት መጣህ?»

«ከደጋ ዳሞት።»

«ምን ተምረሃል?»

«ዳዊት ደግሜያለሁ፣ የኔታ። ስምንተኛ ክፍልም ጀምሬ ነበር።»

የኔታ ስምንተኛ ክፍሉን እንዳልሰሙት ሆነው አለፉት። ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቁት። ልጁ ዳዊት ያስደገሙትን የመንደሩን መሪጌታ ስም ተናገረ። የኔታ ትንሽ አሰቡ። «አላውቃቸውም» አሉ። ልጁ መሬት መሬቱን አየ። ጓደኛችን ከጎናችን ተቀምጦ ትንፋሹን እንደያዘ እናስታውሳለን።

«ምሳ በልተሃል?» አሉት የኔታ።

አልበላም ነበር። አንድ ከፍ ያለ ተማሪ ጠሩና «ከአንተ ጋር ይደር፤ ነገ ሣር የሚታጨድበትን አሳየው» አሉት። ሁለቱ በቡናው ዛፎች መካከል ሲሄዱ፣ ትልቁ ፌስታሉን ተቀበለውና ስሙን ጠየቀው። ልጁ ቆም አለ፤ ወደ እኛ ዘወር ብሎ አየ፤ ከዚያ የክርስትና ስሙን ነገረው።